የፋንታሲ ገጸ ባሕርይን ነጣጥሎ ማየት፦ የቱ የጸሐፊው፣ የቱ የተዋናዩ?

አንድ የፋንታሲ ተከታታይ ድራማ አይተን ስንጨርስ ወሬያችን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገጸ ባሕርይውን ከወደድነው «ተዋናዩ ጉድ ነው!» እንላለን። ካስጠላን ደግሞ «ጸሐፊዎቹ አበላሹት» ብለን እንደመድማለን። ምስጋናው ለአንዱ፣ ወቀሳው ለሌላው። አንዳንዴ ልክ ነን። ብዙ ጊዜ ግን ሳናይ ነው የምንፈርደው።

ፋንታሲ ላይ ደግሞ ሁለቱን መለየት የበለጠ ይጠቅማል። ዘንዶው የለም። አስማቱ የለም። ቤተ መንግሥቱም ግማሹ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ካሜራው ፊት በእውነት ያለው ሰውየው ብቻ ነው። እሱን ካላመንነው ሌላው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ቀድሞ አይታችሁ የጨረሳችሁት ድራማ ነው። አዲስ አትጀምሩ። ዓይናችሁ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ታሪኩን ሲያሳድድ ትወናው ያመልጣችኋል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ምሳሌዎች የታሪኮቹን መጨረሻ ስለሚያወጡ፣ ያላያችሁትን ክፍል እየዘለላችሁ አንብቡ።

1. አንድ ሰው፣ አንድ ትንሽ ትዕይንት ምረጡ

ጦርነት አትምረጡ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦ ይህ ሰው አሁን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይፈልጋል? ማን ከለከለው? ከክፍሉ ሲወጣ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ?

የሦስቱም መልስ የጸሐፊው ሥራ ነው። መልስ ካጣችሁለት የዓለም ምርጥ ተዋናይም አያድነውም። ፋንታሲ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ኃይሉ ምን ያስከፍለዋል? አስማት በነፃ ከሆነ ገጸ ባሕርይው የሚወስነው ነገር የለም። የማይወስን ሰው ደግሞ አይተወንም፤ ልብስ ለብሶ ቆመ ማለት ነው።

2. ንግግሩን ወረቀት ላይ አውርዱት

ከሳብታይትሉ ላይ ስማቸውንና የተናገሩትን ብቻ ቅዱ። ከዚያ ስሜት ሳትጨምሩበት ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጥሩ መለማመጃ ጌም ኦፍ ትሮንስ ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያው ሲዝን፣ 5ኛ ክፍል፣ 2011 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሴ ለብቻቸው ተቀምጠው ያወራሉ። ይህ ትዕይንት ድራማው የተሠራበት መጽሐፍ ውስጥ የለም። የመጽሐፉ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ዓይን የሚተረኩ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቅጽ ደግሞ ለሁለቱም እንዲህ ያለ ምዕራፍ አልተሰጣቸውም። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ጸሐፊዎች ከዜሮ ጻፉት።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይህን ያህል ነው። እሷ በመካከላቸው ፍቅር ሊኖር የሚችልበት ጊዜ ነበር ወይ ብላ ትጠይቃለች። እሱ አልነበረም ይላል። ይህን መስማቷ ተሻላት ወይስ ባሰባት ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ምንም አይሰማኝም ትላለች። አለቀ። ደረቁን ስታነቡት የሁለት ቀዝቃዛ ሰዎች ጭቅጭቅ ይመስላል።

አሁን ሰርሴንና ሮበርትን የሚጫወቱትን ሊና ሄዲንና ማርክ አዲን ተመልከቷቸው። ትንሽ ቀደም ብሎ ሁለቱም በገዛ ትዳራቸው አብረው ስቀዋል። ሮበርት «አልነበረም» ሲል ክፋት የለበትም፤ የደከመው ሰው መልስ ነው። ሰርሴም «ምንም አይሰማኝም» የምትለው ሲሰማት ነው። ጸሐፊው ውሸት ሰጣት፣ ተዋናይቷ ከውሸቱ ሥር ያለውን እውነት አስገባችበት። ጥሩ ስክሪፕት የሚለየውም በዚህ ነው፤ ለተዋናዩ ፊት የሚሆን ቦታ ይተዋል። ገጸ ባሕርይው «አዝኛለሁ» ብሎ ከተናገረማ ለተዋናዩ ምን ተረፈው?

3. ድምፁን ዝጉት

ያንኑ ትዕይንት ያለድምፅ እዩ። እጁ የት ነው? ማንን ነው የማያየው? ሌላው ሲናገር እሱ ምን ይሠራል? ትልቁ ትወና ብዙ ጊዜ ያለው ሲያዳምጥ ነው።

ለዚህ የምመርጠው የሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎንን የመጀመሪያ ሲዝን 8ኛ ክፍል ነው፤ በ2022 የታየውን። ንጉሥ ቪሴሪስ በሽታ ጨርሶታል። የፊቱ ግማሽ በወርቅ ጭምብል ተሸፍኗል። ሴት ልጁን ሬኒራን ሊደግፍ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ ማንም ሳይጠብቀው ወደ ዙፋኑ አዳራሽ ይገባል። ከበሩ እስከ ዙፋኑ ያለውን መንገድ በሙሉ ይሄዳል። አንድ ዘብ ሊያግዘው ሲል አይሆንም ይላል።

እዚህ ላይ ማን ምን ሠራ? መሄዱን የወሰነው ጸሐፊው ነው። ቪሴሪስን የሚጫወተው ፓዲ ኮንሲዳይን ግን አካሄዱን ፈጠረ፦ ትከሻው የወደቀበትን፣ ትንፋሹ የሚያጥርበትን፣ ያም ሆኖ ንጉሥነቱን የማይለቅበትን። ሜካፑም የራሱ ድርሻ አለው። ግን ጭምብል ብቻውን አይራመድም።

ከዚያ ደረጃው ላይ ዘውዱ ከራሱ ይወድቃል። ወንድሙ ዴሞን ደግፎ ያስቀምጠውና ዘውዱን መልሶ ይጭንለታል። የዘውዱ መውደቅ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም። ቀረጻ ላይ በአጋጣሚ ወደቀ፤ ዴሞንን የሚጫወተው ማት ስሚዝ ከገጸ ባሕርይው ሳይወጣ አነሣው፤ አዘጋጆቹም ወደዱትና አስቀሩት።

ታዲያ ይህ የትወና ድል ብቻ ነው? እኔ አይመስለኝም። ዴሞን ያንን ዘውድ ሲመኝ ኖሯል። ወንድማማቾቹ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሲጣሉና ሲታረቁ አይተናል። ያ ሁሉ ባይጻፍ ኖሮ የወደቀው ዘውድ አንድ የቀረጻ ስህተት ሆኖ ተቆርጦ ይጣል ነበር። ተዋናዩ አጋጣሚውን ያዘ፤ አጋጣሚውን ትርጉም ያሸከመው ግን ቀድሞ የተጻፈው ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እንኳ የቴሌቪዥኑ ቪሴሪስ እሱ ከጻፈው የላቀ አሳዛኝ ግርማ እንዳለው በይፋ መስክሯል።

ዝምታ ሁሉ የተዋናይ ነው ብላችሁም እንዳትደመድሙ። በ1999 ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር የተባለው ድራማ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ድምፁን የሚሰረቅበት አንድ ክፍል አቀረበ። አብዛኛው ክፍል ንግግር የለውም። ያ ክፍል ለኤሚ ሽልማት የታጨው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በድርሰት! ዝምታም ይጻፋል።

ተቃራኒውም አለ። የዘ ዊቸር ድራማ ዋና ሰው ጌራልት፣ ድራማው በተሠራባቸው መጻሕፍት ውስጥ በደንብ የሚናገር፣ የሚከራከር ሰው ነው። የሚጫወተው ሄንሪ ካቪል ግን በመጀመሪያው ሲዝን ብዙ ቦታ ንግግሩን ወደ አጭር «እህም» ቀነሰው። ግማሹ ተመልካች ወደደው፣ መጽሐፉን ያነበበው ግን ሰውየው ናፈቀው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ተዋናይ ንግግር ሲቀንስ ትወናው ይጠራል፤ ቅነሳው ሲበዛ ግን ከሐሳቡ ላይ ይቆርጣል።

4. ሚስጥሩን ካወቃችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እዩ

ይህ እርምጃ የኔ ተወዳጅ ነው።

ጌም ኦፍ ትሮንስ፣ ሦስተኛው ሲዝን፣ 2013። ዴኔሪስ ባሪያ ወታደሮች ልትገዛ ትመጣለች። ነጋዴው በራሱ ቋንቋ ዓይኗ እያየ ይሰድባታል። አስተርጓሚዋ ሚሳንዴ ስድቡን እያለሳለሰች በጨዋ ቃል ታቀርብላታለች። እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም ብለን እንቃጠላለን። በ4ኛው ክፍል ዴኔሪስ በዚያው ቋንቋ ትመልስለታለች። ቫሊሪያን የእናቷ ቋንቋ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያንዳንዱን ስድብ ሰምታለች።

አሁን ወደ 1ኛውና ወደ 3ኛው ክፍል ተመለሱ። የኤሚሊያ ክላርክን ፊት ብቻ ተከተሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ያልገባት መምሰል አለባት። ለሁለተኛ ጊዜ ለሚያይ ደግሞ ገብቷት ውጣ የያዘችው መሆን አለበት። በአንድ ፊት ሁለት ሥራ። ጸሐፊው ወጥመዱን አጠመደ፤ ምስጢሩን ይዞ የቆየው ግን ፊቷ ነው። ትንሽ ቀድማ ብትቆጣ ሁሉም ይበላሽ ነበር።

ደግሞም ያ ቋንቋ በዓለም ላይ ማንም በእናት ቋንቋነት የሚናገረው አይደለም። ለድራማው ያዳበረው ዴቪድ ጄ. ፒተርሰን የሚባል የቋንቋ ባለሙያ ነው። ተዋናይቷ በቃሏ ያጠናችውን እንደተወለደችበት አድርጋ ማውጣት ነበረባት። ማን እንደሆነች የገባን በዚያ ምላስ ነው።

5. ያው ፊት፣ ሌላ ሰው ፈልጉ

ፋንታሲ አንድ ስጦታ አለው። ተዋናዩ ባለበት ሆኖ ገጸ ባሕርይው ይቀየራል፦ በመንፈስ ይያዛል፣ አካል ይለዋወጣል፣ ድግምት ይደረግበታል። ትወናን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም።

ሱፐርናቹራል ላይ ሚሻ ኮሊንስ የሚጫወተው ካስቲኤል በሰው አካል ያለ መልአክ ነው። በአራተኛው ሲዝን 20ኛ ክፍል አካሉ የማን እንደነበር እናያለን፤ ጂሚ የሚባል የቤተሰብ አባወራ ነው። ኮቱ ያው ነው፣ ፊቱም ያው። መልአኩ ድምፁን አጎርንኖ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጂሚ ግን ይቸኩላል፣ ይፈራል፣ ተርቦ ይበላል። የተለወጠውን አንድ በአንድ ጻፉ። ያ ዝርዝር ተዋናዩ የሠራው ነው።

በተቃራኒው አንድ ገጸ ባሕርይን ሁለት ተዋናዮች ሲጫወቱትም ልብ በሉ። የሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎኗን ሬኒራ በወጣትነቷ ሚሊ አልኮክ፣ ኋላ ደግሞ ኤማ ዳርሲ ተጫውተዋታል። ሁለቱም ላይ የቀረው ባሕርይ በአብዛኛው ከጽሑፉ የመጣ ነው።

6. ማን ማንን እንደተከተለ እዩ

ተከታታይ ድራማ ከአንድ ፊልም የሚለየው ጸሐፊው የተዋናዩን ሥራ አይቶ ቀጣዩን መጻፍ ስለሚችል ነው። ባፊ ላይ ስፓይክ የተባለው ቫምፓየር ቶሎ እንዲሞት የታሰበ ነበር። ጄምስ ማርስተርስ ሲጫወተው ተመልካቹ አልለቅም አለ። ገዳይ ሆኖ የመጣው ሰው በመጨረሻ ነፍሱን ፍለጋ የሚሄድ ሆነ። ካስቲኤልም ለጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበር የታሰበው። በ2008 መጥቶ እስከ መጨረሻው ሲዝን፣ እስከ 2020 ቆየ።

ይህን ለማየት የገጸ ባሕርይውን የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎችና ከአንድ ሲዝን በኋላ ያሉትን ጎን ለጎን አድርጉ። ቀልድ ተጨምሮለታል? አነጋገሩ ረዝሟል? አዲስ ወዳጅ አግኝቷል? ከጨመሩለት፣ ተዋናዩ የሚችለውን አይተውበታል ማለት ነው።

7. ከተሰበረ፣ የት እንደተሰበረ ፈልጉ

በግንቦት 2019፣ በጌም ኦፍ ትሮንስ የመጨረሻ ሲዝን፣ ዴኔሪስ የደወሉን ድምፅ ሰምታ፣ ከተማው እጁን ከሰጠ በኋላ አቃጠለችው። ስንቱ ተናደደ! ግን ንዴቱን ወደ ጥያቄ እንለውጠው። ውሳኔዎቿን በተራ ጻፉ። የባሪያ ጌቶቹን መስቀሏ አለ። አልንበረከክም ያሉትን አባትና ልጅ በእሳት መቅጣቷ አለ። ዘሩ ቀድሞ ተዘርቷል። ስለዚህ «ከየት መጣ?» ማለት ልክ አይደለም።

የጎደለው መሀሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 7 እና 6 ብቻ። ወዳጆቿን አጣች፣ ብቻዋን ቀረች፣ ግን ብቻዋን የምትሆንበትና ከራሷ ጋር የምትታገልበት ትዕይንት አነሰ። ኤሚሊያ ክላርክ ደወሉ ሲደወል ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አድርጋለች። አንድ ፊት ግን ያልተጻፉ ክፍሎችን አይተካም። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ትወናው መድረሻው ላይ ደርሷል፣ ጽሑፉ መንገዱን አሳጥሮበታል።

እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ብቻ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉትና በአንዱ ወገን የተጻፈውን፣ በሌላው የተተወነውን አስፍሩ። የትም የማይገባላችሁ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ካሜራው ፊቱ ላይ ለምን እንደቆየ ወይም ሙዚቃው ለምን እዚያ እንደገባ፣ ከታች ሌላ መስመር አስምሩና ለዳይሬክተሩና ለኤዲተሩ ስጧቸው።