ተመራማሪ ፕሮፌሰር የሚያስተምሩትን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርስ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ምርምር ላይ ያሉ ፕሮፌሰር የሚሰጡትን የኬሚስትሪ ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ተማሪዎች ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚያሰሙት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ መምህሩ ይዘላሉ፣ ሃንድአውቱን አይከተሉም፣ ሰሌዳው ላይ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ይሻገራሉ። ቅሬታው ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ መዝለሉ ብዙውን ጊዜ ከቸልተኝነት የሚመጣ ሳይሆን፣ አንድን ስሌት ወይም አንድን የኤሌክትሮን ቀስት (ኤሌክትሮኖች በሪአክሽን ውስጥ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ የሚያሳይ ቀስት) ለዓመታት በየቀኑ ሲሠሩበት የኖሩ ሰው፣ ያ መስመር ለሌላው ሰው አዲስ መሆኑን ስለሚዘነጉት ነው። ተማሪ ሆኜም፣ በኋላ የላብ ረዳት ሆኜም እንዳየሁት፣ በእንዲህ ዓይነቱ ኮርስ የሚጠቀመው ተማሪ የተዘለለውን መስመር ራሱ የሚሞላው ነው።

ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የሌክቸር ማስታወሻችሁን በደብተሩ የቀኝ ገጽ ላይ ብቻ ጻፉ፤ የግራውን ገጽ ባዶ ተዉት። ማታ፣ ሳያድር፣ ማስታወሻውን እያነበባችሁ «ከዚህ ወደዚህ በምን ተደረሰ?» የሚያሰኝ ቦታ ባገኛችሁ ቁጥር የጎደለውን በግራው ገጽ ላይ ሥሩት። በማግስቱ ካደረጋችሁት ግማሹ ከአእምሯችሁ ይጠፋል።

ምሳሌ ልስጥ። ካፌይንን ከሻይ ቅጠል ማውጣት በኦርጋኒክ ላብ ውስጥ የተለመደ ሙከራ ነው። ሻይ ቅጠሉ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር በውኃ ይፈላል፤ ካርቦኔቱ የሚጨመረው ታኒን የሚባሉትን አሲዳዊ ንጥረ ነገሮች ወደ ጨውነት ለውጦ ውኃው ውስጥ ለማስቀረት ነው። ከዚያም የቀዘቀዘው ፈሳሽ ሴፓራቶሪ ፈነል (የማይደባለቁ ፈሳሾችን የሚለይ፣ ከታች ቧንቧ ያለው ብልቃጥ) ውስጥ ገብቶ ካፌይኑ ከውኃ ጋር በማይደባለቀው አሟሚ በዳይክሎሮሜቴን ይወጣል። ፕሮፌሰሩ የስርጭት ኮንስታንቱን (ካፌይኑ በዳይክሎሮሜቴን ውስጥ ያለው ክምችት በውኃ ውስጥ ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር) ለስሌት እንዲመች 9 ብለው ይጽፉና «ስለዚህ 60 ሚሊ ሊትሩን በአንድ ጊዜ ከመጨመር ይልቅ 20፣ 20 እያደረጉ ሦስት ጊዜ ማውጣት ይሻላል» ብለው ያልፋሉ። «ስለዚህ» የሚለው ቃል የሸፈነው ስሌት የሚከተለው ነው። ውኃው 100 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ውኃው ውስጥ የሚቀረው የካፌይን ድርሻ 100 ለ640 (100 ሲደመር 9 ጊዜ 60) ሲካፈል፣ ማለትም 15.6 በመቶ ነው። በ20 ሚሊ ሊትር ሲወጣ በየዙሩ የሚቀረው 100 ለ280 (100 ሲደመር 9 ጊዜ 20) ሲካፈል ይሆናል፤ ይህ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ደግሞ 4.6 በመቶ ይመጣል። በ300 ሚሊ ግራም ካፌይን ብንጀምር፣ በመጀመሪያው መንገድ 47 ሚሊ ግራም ገደማ ከውኃው ጋር ይደፋል፤ በሁለተኛው 14 ገደማ። ይህን በእጁ የሠራ ተማሪ ፈተናው ላይ የአሟሚው መጠንና የዙሩ ብዛት ተለውጦ ቢመጣበት አይደነግጥም።

ላቡም እንደ ሌክቸሩ የተዘለሉ መስመሮች አሉት። ማንዋሉ «በደንብ ይወዝወዝ» ቢለኝ ፈነሉን እንደ ወተት ናጥኩት፤ ሁለቱ ፈሳሾች ተደባልቀው የማይለይ ነጭ አረፋ ሆኑብኝና የላቡ ጊዜ ግማሽ በመጠበቅ አለፈ። ጥቂት የገበታ ጨው መጨመርና ፈነሉን በቀስታ ማዞር ነገሩን እንደሚያቀልለው የተማርኩት ያን ቀን ነው። በየመሃሉም ፈነሉን ገልብጦ፣ ጫፉን ከሰው ፊት አዙሮ ቧንቧውን በመክፈት የታመቀውን ትነት ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ፕሮፌሰሩ መጥተው ስለ አረፋው አንድም ቃል ሳይናገሩ «ካፌይኑ የትኛው ንጣፍ ውስጥ ነው? እንዴት አወቅህ?» ብለው ጠየቁኝ። የዳይክሎሮሜቴን ጥግግት በሚሊ ሊትር 1.33 ግራም ገደማ ስለሆነ ከታች መሆኑን መለስኩ። እርሳቸው ግን መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፈነሉ ነበር የፈለጉት፤ ጥቂት ጠብታ ውኃ ከላይ ጨምረው የትኛው ንጣፍ ውስጥ እንደሚቀላቀል አሳዩኝ።

«እንዴት ታወቀ?» የሚለውን ጥያቄ ኮርሱን በሙሉ ይዛችሁ ብትዘልቁ ተገቢ ነው። የጫትን ነገር ተመልከቱ። ለብዙ ዓመታት የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲን እንደሆነ ይታሰብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ግን በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላብራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖን ተለየ። በሁለቱ ሞለኪዩሎች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ካርቦን ላይ ነው፤ ካቲኖን ኪቶን (ካርቦኒል የሚባለውን፣ ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበትን ክፍል የያዘ) ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ኪቶኑ ሃይድሮጅን ተቀብሎ (ሪዱስ ሆኖ) አልኮል ይሆንና በጣም ደካማው ካቲን ይገኛል። ከአወዳይ የሚጫነው ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ እርጥበቱን እንደያዘ በጥድፊያ የሚጓዝበት ምክንያት፣ ሰሌዳው ላይ «የካርቦኒል ሪዳክሽን» ተብሎ ከሚጻፈው ጋር አንድ ነው። ተመራማሪ ፕሮፌሰር ፈተና ሲያወጡ የሪአክሽኑን ስም ከመጠየቅ ይልቅ «ናሙናው ደርቆ ቢደርሳችሁ በኢንፍራሬድ ስፔክትረሙ ላይ ምን ይጎድላል?» ማለት ይቀናቸዋል (ይህ ስፔክትረም ሞለኪዩሉ የሚመጠውን የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያሳይ ግራፍ ነው)፤ መልሱ የካርቦኒሉ መስመር ነው።

በዚሁ ምክንያት ለፈተና ስትዘጋጁ የሪአክሽን ዝርዝር መሸምደዱን ቀንሳችሁ ስፔክትረም ማንበብን ተለማመዱ። የታወቀ ሞለኪዩል ውሰዱና ስሙን በወረቀት ሸፍናችሁ ከመረጃው ብቻ ለመድረስ ሞክሩ። የካፌይን የማስ ስፔክትረም (የሞለኪዩሉን ክብደት የሚያሳየው) ዋና ምልክት 194 ላይ ነው፤ ለሁለት የሚካፈል (ተጋማሽ) ቁጥር መሆኑ የናይትሮጅኖቹ ብዛትም ተጋማሽ (ወይም ዜሮ) መሆኑን ይነግራል፣ በእርግጥም አራት ናቸው። የፕሮቶን ኤንኤምአሩ (ሃይድሮጅኖቹ በሞለኪዩሉ ውስጥ ያሉበትን ሁኔታ የሚያሳየው ስፔክትረም) በ3.4፣ በ3.6፣ በ4.0 እና በ7.5 ገደማ አራት ነጠላ ምልክቶችን በ3፣ 3፣ 3 እና 1 ጥምርታ ያሳያል፤ ሦስት ሜቲሎችና አንድ ብቸኛ ሃይድሮጅን። በሳምንት ሁለት እንዲህ ዓይነት ልምምድ በቂ ነው።

ፕሮፌሰሩን ቢሯቸው ሄዶ ስለ መጠየቅ ጥቂት ልበል። «አልገባኝም» ይዞ መሄድ ለሁለቱም ወገን ጊዜ ማጥፋት ነው። በግራው ገጽ ላይ የሞከራችሁትን ይዛችሁ ሂዱና «እስከዚህ ደርሻለሁ፤ ከዚህኛው መስመር ወደዚያኛው የተሻገርነው በምን እንደሆነ ግን አልታየኝም» በሉ። ተመራማሪ ሰው ለጉባኤና ለመስክ ሥራ ስለሚጓዝ፣ የማይኖሩባቸውን ሳምንታት ገና ሴሚስተሩ ሲጀመር ጠይቃችሁ ያዙ። የላብ ሪፖርት የሚያርሙት ብዙ ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸውና የነጥብ ጥያቄ ካላችሁ መጀመሪያ እነርሱን አነጋግሩ።

ኮርሱን ካገባደዳችሁ በኋላ በፕሮፌሰሩ ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ብትፈልጉ፣ ቀድማችሁ ሥራቸውን አንብቡ። በአገራችን የዕፅዋት ኬሚስትሪ የቆየ ልማድ አለው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ በሬት፣ በዕጣንና በከርቤ ላይ ያደረጉት ምርምር ለዚህ ይጠቀሳል። ጽሑፉን ስታነቡ መግቢያው ላይ አትቆዩ፤ ወደ ሙከራው ክፍል ሂዱና ምን ያህል ቅጠል ወይም ሙጫ ተጀምሮ ስንት ሚሊ ግራም ንጹሕ ንጥረ ነገር እንደተገኘ ተመልከቱ፤ የሥራው ድካም የሚታየው እዚያ ነው። ማመልከቻችሁ አጭር ይሁን፤ የወሰዳችሁትን ኮርስ፣ ካነበባችሁት ውስጥ የገረማችሁን አንድ ነገርና በሳምንት ስንት ሰዓት ነፃ እንደሆናችሁ ብቻ ጻፉ።

የመጀመሪያው ሥራ ብልቃጥ ማጠብና የቲን ሌየር ፕሌት (የቅይጥ ንጥረ ነገሮች ከአሟሚ ጋር ወደ ላይ ሲወጡ የሚለያዩበት ስስ ሽፋን ያለው ሳህን) ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል፤ አትናቁት። ከፕሌቱ ግርጌ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ መነሻውን መስመር በእርሳስ አስምሩ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከአሟሚው ጋር ወደ ላይ እየወጣ ናሙና መስሎ ያሳስታችኋል። በላብ ደብተሩ ላይ ደግሞ የሚጻፈው በእስክሪብቶ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይደለዝም፣ ምክንያቱም ከወር በኋላ ትክክለኛው ያ የተሰረዘው ቁጥር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።