ትራምፔት በቀን ስንት ሰዓት? ከንፈር ሲዝል፣ ድምፅ ሲጠፋ ምን ይደረግ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ትራምፔት የጀመረ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በቀን ስንት ሰዓት ልለማመድ? ቁጥሩን ልንገራችሁና ወደ ችግሮቹ እንግባ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፣ እሱም ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ። ዓመት ገደማ ከነፋችሁ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ባንድ ውስጥ የምትሠሩ ወይም ለፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ እስከ ሁለት ሰዓት መሄድ ይቻላል፣ አሁንም ተከፋፍሎ። ይህ ሁሉ ግን ከንፈራችሁ ጤነኛ ሲሆን ነው። ክራር ላይ ክር ቢበጠስ ሌላ ይገዛል፣ ትራምፔት ላይ ግን የሚርገበገበው ክር የራሳችሁ ከንፈር ነው። ስለዚህ ሞባይላችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ሳይሆን ከንፈራችሁን ስሙ።

«ስጀምር ደህና ነኝ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድምፁ አየር አየር ይላል»

ይህ የብዙዎች ችግር ነው፣ አብሽሩ፣ መፍትሄውም ቀላል ነው። ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት የመንፊያው ጫፍ) ከንፈርን ሲጫን ደም እንደልብ አይዘዋወርም። ጡንቻውም ይደክማል። እናንተ ደግሞ ሳታነሱ መስመር በመስመር ትቀጥላላችሁ። የነፋችሁትን ያህል እረፉ። አራት መስመር ነፍታችሁ ከሆነ ትራምፔቱን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ያንኑ አራት መስመር ቫልቮቹን በጣት እየተጫናችሁ በአፋችሁ አዚሙት። ጊዜው አይባክንም፣ ጣትና ጆሮ እየሠሩ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ጓደኛ ይዞ መለማመድ ነው፤ እሱ ሲነፋ እናንተ ታርፋላችሁ፣ እናንተ ስትነፉ እሱ ያርፋል። ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪደክማችሁ አትጠብቁ። ትንሽ ጉልበት ቀርቶ ማቆም ነገ በጥሩ ከንፈር ያስጀምራል።

«ትናንት ሦስት ሰዓት ነፋሁ፣ ዛሬ ከንፈሬ እንጨት ሆኗል»

ትናንት አብዝታችኋል፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ከንፈሩ አብጧል፣ ያበጠ ከንፈር ደግሞ ቶሎ አይርገበገብም፣ እናንተም ድምፅ ለማውጣት የበለጠ ትጫኑታላችሁ፣ እብጠቱም ይብሳል። ዛሬ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ፣ በለሆሳስ፣ ከመሃል ጂ ወደ ታች ያሉትን ድምፆች እያስረዘማችሁ ንፉ። ከፍ ያለ ነገር አትሞክሩ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ለትንሽ ደቂቃ መያዝ ይረዳል። ነገም ካልተሻለ አንድ ቀን ሙሉ ተዉት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ጉዳዩ ቀልድ ስላልሆነ ነው። ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከንፈሩ ተጎድቶ ለወራት መንፋት አቁሞ ነበር። ፍሬዲ ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ1992 የላይኛው ከንፈሩ ከተጎዳ በኋላ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ አልተመለሰም። ሁለቱም የዓለም ታላላቅ ትራምፔተኞች ናቸው። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ወይም ከንፈሩ አንድ ጎን ሰንፎ አየር የሚያሾልክ ከሆነ፣ ዕረፍት ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በተለይ ጥር ላይ ተጠንቀቁ። ሰርጉ ይደራረባል፣ ቅዳሜ ደሴ እሁድ ኮምቦልቻ ትነፋላችሁ፣ በዚያ ላይ ጠዋት ልምምድ አለብኝ ብላችሁ አንድ ሰዓት ትጨምራላችሁ። የሥራ ቀን ልምምዱ ራሱ ሥራው ነው። 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ በቃ።

«ቅዳሜና እሁድ ብዙ እሠራለሁ፣ ለውጥ ግን የለም»

የከንፈር ጡንቻ በሳምንት ሁለት ቀን ተጨናንቆ አይጠነክርም። በየቀኑ 15 ደቂቃ የነፋ ልጅ ቅዳሜን ሙሉ ከሚነፋው ቀድሞ ይሄዳል። ሥራና ትምህርት ካለባችሁ ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ አድርጉት።

«ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ከንፈሬ ያልቅብኛል»

እዚህ ጋ ችግሩ የሰዓት ማነስ አይደለም፤ ከፍ ሲል በክንድ እየተጫናችሁ ነው። መስታወት ፊት ቁሙ። ማውዝፒሱን ስታነሱ ከንፈር ላይ ክብ ምልክት ይቀራል። ቀላ ብሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ደህና ነው። ልምምድ ካበቃችሁ ብዙ ቆይቶም ከታየ፣ ወይም ከንፈሩን ከውስጥ በምላስ ስትነኩት ጥርስ ያረፈበት ቦታ ካመመ፣ ብዙ እየተጫናችሁ ነው። አሁን የቀኝ እጃችሁን ትንሿን ጣት እዩ። ከላይ ያለችው ማንጠልጠያ ውስጥ ገብታለች አይደል? ትራምፔቱን ወደ ፊታችሁ የምትጎትተው እሷ ናት። አውጧትና ላዩ ላይ አስቀምጧት። ከዚያ ያንኑ ድምፅ ሆድ አካባቢ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ አየሩን አፍጥናችሁ ሞክሩት። ለጊዜው ሁለት ድምፅ ከላይ ይጠፋባችሁ ይሆናል። ይጥፋ። ሲመለስ ጸድቶ ነው የሚመለሰው።

«ጠዋት ስነፋ ከኪቦርዱ ጋር አልስማማም»

የደሴ ጠዋት ነዋ! ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ብረቱን በረዶ ያደርገዋል። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ዝቅ ይላል። ብዙ ልጅ ይህን ሳያውቅ በከንፈሩ ወደ ላይ ሊጎትተው ይታገላል፣ ከ20 ደቂቃ ልምምዱ 10ሩ እዚያ ያልቃል። ማውዝፒሱን ቀደም ብላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። ድምፅ ሳታወጡ ሞቃት ትንፋሽ ደጋግማችሁ ወደ ቱቦው አስገቡ። ሲሞቅ ተቃኙ፣ ቀድማችሁ አይደለም። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ስትነፉ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በሙቀቱ ቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መቃኛውን ቱቦ ትንሽ ወደ ውጪ ሳቡት። ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ደሴ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም፣ 600 ሜትር ገደማ ወጥቷል፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው።

ሌላም የቅኝት ጉዳይ አለ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች የኛው አገር ስሞች ናቸው፣ ልጆቻችንም በእነሱ ቢለማመዱ ደስ ይለኛል። አምባሰልን ከሲ (C) ስትጀምሩ ሁለተኛዋ ድምፅ ዲ ፍላት ናት፣ ሦስቱንም ቫልቭ ትጫናላችሁ፣ እሷም ትራምፔት ላይ በተፈጥሮዋ ከፍ ትላለች። ትዝታ ላይ በአንደኛና ሦስተኛ ቫልቭ የምትወጣው ዲም እንደዚሁ ናት። ከንፈራችሁን አትውቀሱ፤ በግራ እጅ ጣት የሦስተኛውን ቫልቭ ቱቦ ወደ ውጪ ግፉት፣ ይስተካከላል። ቱቦው ካልተንቀሳቀሰ ደርቋል፣ አውጥታችሁ ጠርጉትና ቅባት ቀቡት።

«አፌ ይደርቃል፣ ከንፈሬ ይሰነጠቃል»

ጫት ቅማችሁ ከሆነ ምክንያቱ ያ ነው፣ ምራቅ ያደርቃል። የቃማችሁበትን ቀን ልምምዱን ከመቃማችሁ በፊት ጨርሱት። ካልቃማችሁ ብርዱና ነፋሱ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ቫዝሊን ከነፋችሁ በኋላ እንጂ በፊት አትቀቡ፣ ማውዝፒሱ ይንሸራተትባችኋል። ቆሎ በልቶ ሳይጉመጠመጡ መንፋትም ቱቦውን ይደፍነዋል።

«አከራዬ ተቆጡ፣ የት ልለማመድ?»

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትራምፔት ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ሰው ቢቆጣ ተገቢ ነው። ቀድማችሁ እማማን ወይም ጋሼን አነጋግሩ፣ ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ ከቀኑ 11 እስከ 11 ተኩል። አዛን ሲል አቁሙ፣ ከንፈራችሁም ያርፍበታል። ደወሉ (የትራምፔቱ ሰፊ አፍ) ላይ የሚሰካ ማፈኛ ካላችሁ ድምፁ በጣም ይቀንሳል፣ ግን ስለሚያፍነው አየሩ ይከብዳል፣ ሁልጊዜ በእሱ ብቻ የለመደ ሰው ሲያወጣው ድምፁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሳምንቱን በማፈኛ ከሠራችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ከከተማ ወጣ በሉና ሜዳ ላይ ክፍቱን ንፉ፣ ያኔ ደግሞ አጠር አድርጉት፤ ሜዳ ላይ ድምፅ ተመልሶ ስለማይመጣ ሰው ሳያውቀው አብዝቶ ይገፋል።