የሰው ጥላ በገብስ ቡቃያ ላይ

በገብስ ቡቃያ ላይ የሰው ምስል የማውጣትን ሥራ ግማሹን ብቅል የሚያበቅል ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ገብስ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው አረንጓዴ ቀለሙን የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ ነው። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብረው የሚሠሩት እንግሊዛውያን የጥበብ ሰዎች ሄዘር አክሮይድና ዳን ሃርቪ ጨለማ ክፍል ውስጥ በሚያድግ ሣር ላይ የፎቶ ኔጋቲቭ በብርሃን እየጣሉ የሰው ፊት ያወጣሉ። ለእኛ በኔጋቲቩ ፈንታ በሰው ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ይበቃናል።

ለአንድ ካሬ ሜትር 1.5 ኪሎ ገብስ ያዙ። የጮቄ ገብስ ይሆናል፤ ግን አዲስ የተወቃ እኩል ስለማይበቅል ጥቂት ወራት ያረፈ ይሁን። መድኃኒት የነካው ዘር አትግዙ። 12 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ አጥልላችሁ በኮባ ቅጠል ጠቅልሉት። ነጭ የሥር ጫፍ ብቅ ሲል አውጡት፤ ባሕር ዳር ላይ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ይዘገያል። እንደ ብቅል እስኪጠላለፍ ከቆየ ሲለያዩት ሥሩ ይበጠሳል።

ጆንያ ተርትራችሁ ሳንቃ ላይ ወጥሩ። የሸክላ አፈርና የደቀቀ የጤፍ ጭድ እንደ ምርጊት አቡክታችሁ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ለቅልቁበት። ዋልካ አይሆንም፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ቡቃያውን ይዞ ይረግፋል። ዘሩን ሳይደራረብ አስጠግታችሁ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ይሁን፤ በበር ስንጥቅ የገባ ብርሃን እንኳ አረንጓዴ መስመር ይጥላል። ጠዋትና ማታ ውሃ ርጩ። ውሃ ከተኛበት ስለሚሻግት ሳንቃውን በአንድ ጫፍ ከፍ አድርጉት።

ቡቃያው 8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሰው ካርቶን ላይ አስተኝታችሁ ዙሪያውን አስምሩ። ክንዱ ከጎኑ፣ ጣቶቹም እርስ በርስ ይራቁ፤ ካልሆነ ጥላው ጉቶ ይመስላል። የተቆረጠውን ካርቶን ደርባችሁ በቡቃያው ላይ በቀስታ አሳርፉ። ላስቲክ አትጨምሩ፤ ሙቀት አፍኖ ያበሰብሰዋል። ከዚያ ወደ ግቢ አውጡት። ቀጥተኛ ፀሐይ ጨለማ የለመደውን ቅጠል ስለሚያቃጥል ከላይ ነጠላ ወጥሩ። ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ቡቃያው ወደዚያው ይጎብጥና የገላው ጠርዝ ይደበዝዛል።

ከሁለት ቀን በኋላ ካርቶኑ ሲነሣ በአረንጓዴው መካከል ቢጫ ሰው ተኝቶ ታያላችሁ። ቢጫው ብርሃን እንዳገኘ መለምለም ይጀምራልና ምስሉ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ይህን አትከላከሉ፤ ሰውየው ወደ ገብሱ ሲገባ ተመልካች ጠዋትና ማታ መጥቶ ይየው፣ የሥራው ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ሻጋታ ያልነካውን ቡቃያ በመጨረሻ ለበግ ስጡት።