ከአውቶቡሱ ጀምሩ

በአሜሪካ ደቡብ ስለነበረው የዘር መድልዎ ለልጆች ሳስተምር ሕጉን ለኋላ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ የሞንትጎመሪን (በአላባማ ግዛት ያለች ከተማ) አውቶቡስ ወለል ላይ በጠመኔ እሥላለሁ። የፊት 10 መቀመጫዎች ለነጮች ብቻ ናቸው። ጥቁር ተሳፋሪ ከፊት ይከፍልና ብዙ ጊዜ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል። አንዳንዴ ሹፌሩ ሳይጠብቀው ይሄዳል። እዚህ ጋ ክፍሉ ይንጫጫል፤ "የከፈለው ገንዘብስ?" ይላሉ። ተዉአቸው፣ ይጠይቁ።

ልጆቹን ነጭና ጥቁር አድርጎ ማጫወት ግን አልወድም። ወይ ይስቃሉ፣ ወይ አንዱ ይጎዳል።

ይልቅ ስለ ክላውዴት ኮልቪን ንገሯቸው። በማርች 1955 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ተሳፋሪ "አልነሳም" ብላ ስትታሰር 15 ዓመቷ ነበር። በዚሁ እምቢታ ይበልጥ የምትታወቀው ሮዛ ፓርክስ የታሰረችው ከዚያ ወራት ቆይቶ፣ በዲሴምበር ነው።

ከዚያ የከተማዋ ጥቁሮች መድልዎውን በመቃወም በአውቶቡስ ያልተሳፈሩባቸውን 381 ቀናት አንሱ። ሥራ እንዴት ይኬዳል? መልሱን ራሳቸው ይጻፉ፦ በእግር፣ በሰው መኪና ተዳብሎ...