ከፎቶ እስከ ግድግዳ፦ ባለ አራት ንብርብር ስቴንስል አሠራር

የእንግሊዙ የጎዳና ሠዓሊ ባንክሲ ከነጻ እጅ ግራፊቲ ወደ ስቴንስል (ቅርጹ በተቆረጠበት ሉህ ላይ ቀለም ረጭቶ ምስሉን ግድግዳ ላይ ማሳረፍ) የዞረው አንድ ሥራ ለመጨረስ ግድግዳው ፊት የሚያጠፋው ጊዜ ስለበዛበት ነው። ስቴንስል ሰዓታት የሚፈጀውን ድካም ጠረጴዛ ላይ ያስጨርሳል፤ ለግድግዳው የሚተርፈው መርጨት ብቻ ነው። ጀማሪ ግን የቀለም ጣሳውን ዋናው መሣሪያ አድርጎ ያስብና ንድፉንና መቁረጡን ያጣድፋል። ዓይኑ የጠፋ ወይም ንብርብሩ የተዛነፈ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ገና ጣሳው ሳይነካ ነው።

ግድግዳውን አስቀድመው ይወስኑ። የሌላ ሰው ከሆነ ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ1981 በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ አይጦችን በስቴንስል መሥራት የጀመረው ብሌክ ለ ራ እንኳ፣ በ1991 በሥራ ላይ ሳለ ከተያዘ በኋላ ሥዕሉን ቤቱ ወረቀት ላይ ሠርቶ መለጠፍን መርጧል። ፈቃድ ያለው ሰው ቀለሙ እስኪደርቅ መጠበቅ ይችላል፤ ባለ አራት ንብርብር ሥራ ደግሞ ያለ መጠበቅ አይሆንም።

ፎቶው

ብርሃን ከአንድ ጎን የመታውን ፊት ይምረጡ። ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ጥላ ስለሌለው ተቆርጦ ሲወጣ አፍንጫውም ጉንጩም ይጠፋል። ፎቶሾፕ ወይም ነጻው ጊምፕ ላይ ከፍተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት፣ ከዚያም በጣም ትንሽ ያደብዝዙት። ይህችን ማደብዘዝ የዘለለ ሰው ቆዳው ላይ ያለ ነቁጥ ሁሉ ሊቆረጥ የሚገባው ቀዳዳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ቀጥሎ ትሬሾልድ የሚባለውን፣ ከተመረጠው ቁጥር የጠቆረውን ሁሉ ጥቁር፣ የፈካውን ሁሉ ነጭ የሚያደርገውን መሣሪያ በመጠቀም ከአንዱ ፎቶ ሦስት ቅጂ ያውጡ፤ አንዱን በ180፣ ሁለተኛውን በ120፣ ሦስተኛውን በ60 አካባቢ። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ እንደ ፎቶው ወደ ላይም ወደ ታችም ይገፋሉ። አራተኛው የጠቅላላው ምስል ሙሉ ቅርጽ ሲሆን በነጭ የሚረጨው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ታትሞ በየራሱ ሉህ ላይ ይሰፍራል፤ በየቅጂው ጥቁር ሆኖ የወጣው ቦታ ይቆረጣል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም የጠቆረው ንብርብር ሁልጊዜ ከሱ በፈዘዘው ውስጥ ማረፉ ነው። መጀመሪያ ነጩ፣ በላዩ ፈዛዛ ግራጫ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ይረጫል። አንዱ ንብርብር 2 ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት እንኳ ከሥሩ ሌላ ቀለም ስላለ ባዶ ግድግዳ አይታይም። እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻው ጎን ለጎን የሚገጣጥም ሰው ግን ያቺን 2 ሚሊ ሜትር ከሩቅ ያያታል።

ደሴትና ድልድይ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ዙሪያው ተቆርጦ መሐሉ መቅረት ያለበት ነገር ሁሉ ደሴት ነው፤ የሚይዘው ከሌለ ይወድቃል። ፊደል ለመቁረጥ የሞከረ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ሀ፣ ለ፣ በ፣ ተ ያለ ችግር ይቆረጣሉ፤ ዐ ግን አንድ ደሴት አላት፣ መ እና ወ ደግሞ ሁለት ሁለት። ደሴቱን ከቀሪው ሉህ ጋር የሚያገናኘው ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ሰቅ ድልድይ ይባላል።

ዓይንን እንውሰድ። ብሌኑ ጥቁር ነው፤ በውስጡ ያለችው የብርሃን ነጥብ ደሴት ናት። ከነጥቧ ወደ ታች ቀጥ ያለ ድልድይ ቢያወጡ ብሌኑ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል። ከላይኛው ቆብ ጠርዝ ጋር ቢያገናኟት ግን ድልድዩ የዓይን ነጸብራቅ ክፍል ሆኖ ያልፋል። በጣም ትንሽ ከሆነች ደግሞ ጨርሶ አይቁረጧት፤ መጨረሻ ላይ በነጭ የቀለም ማርከር ነጠብ ማድረግ ይሻላል። ፈረንሳዊው የስቴንስል ሠዓሊ ሲ215 የሠራቸውን ፊቶች ቀርበው ቢያዩ ድልድዮቹ ከፊቱ መስመሮች ጋር ተዋህደው ያገኟቸዋል። ድልድይ የቅርጹን አቅጣጫ ተከትሎ ከሄደ ሥዕል ይሆናል፤ ካቋረጠው ጠባሳ ይመስላል።

በኤ3 መጠን ድልድዩ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች አይሁን። ምስሉ ከአንድ ሜትር ሲበልጥ 8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ አለዚያ የቀለሙ ግፊት ራሱ ያርገበግበዋል።

መቁረጥ

አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚረጭ ሥራ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሆነ ካርቶን ወረቀት ይበቃል። ቀለም ሲጠጣ ስለሚጠማዘዝ ሁለቱንም ፊት አስቀድመው ስስ ስፕሬይ ይቀቡት። ደጋግመው ለሚጠቀሙበት ማይላር የተባለው ፕላስቲክ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ይሻላል። በምስሉ ዙሪያ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ፤ ብናኙ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ባለ 11 ቁጥር ምላጭ የሚገባበት የእስክሪብቶ ቅርጽ ያለው ቢላ ከትልቁ ካተር ይልቅ ለእጅ ይታዘዛል። ምላጩ ወረቀቱን መጎተት እንደጀመረ ይቀይሩት፤ የደነዘዘ ምላጭ ጠርዙን ያሻክራል፣ ኃይል ስለሚፈልግም ጣት ላይ ይሄዳል። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች መጀመሪያ፣ ትልልቆቹን መጨረሻ ይቁረጡ፤ ሉህ ሰፊ ቦታ ሲወጣለት ይላላና ለረቂቅ ሥራ አይመችም። ክብ ሲቆርጡ እጅዎን ሳይሆን ሉሁን ያዙሩ። ድልድይ ከተበጠሰ በሁለቱም ፊት ፕላስተር ለጥፈው ትርፉን ይከርክሙ።

አራቱም ሉሆች ላይ፣ ከምስሉ ውጭ በተመሳሳይ ቦታ፣ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያውጡ። የመጀመሪያውን ሉህ ሲለጥፉ ቀዳዳዎቹ በሚያርፉበት ግድግዳ ላይ የወረቀት ፕላስተር ያድርጉና ቅርጻቸውን በእርሳስ ይሳሉበት። ቀጣዮቹ ሉሆች በዚያ ምልክት ይገጠማሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ፕላስተሩ ከነምልክቱ ይነሳል።

መርጨት

የአቧራ ማስክ የቀለም ጋዝ አያስቀርም። ኤ2ፒ2 የሚል ማጣሪያ የሚገባበትን ማስክ ያድርጉ፣ ውጭ አየር ላይም ቢሆን። ጓንት ያጥልቁ፤ ሲጋራና እሳት ከአካባቢው ይራቅ።

ግድግዳውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ቀለም የሚመጥ ከሆነ የውሃ አክሪሊክ ቀብተው ያድርቁት። አዲስ ልስን አንድ ወር ገደማ ካልሞላው ይተዉት፤ ቀለሙ ይነሳል። ሻካራ ግድግዳ ላይ ረቂቅ ንድፍ አያምርም፤ ወይ ንድፉን ያቅልሉ፣ ወይ ሌላ ግድግዳ ይፈልጉ።

ተለጥፎ የሚነሳ የስፕሬይ ሙጫ በሉሁ ጀርባ በስሱ ነፍተው እጅ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ለጥፈው ድልድዮቹን አንድ በአንድ በጣት ይጫኗቸው። ጠርዙ ጉም የለበሰ የሚመስለው ሉሁና ግድግዳው መካከል ክፍተት ሲኖር ነው።

ባለ 400 ሚሊ ሊትር ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም፣ ዝቅተኛ ግፊት ያለው፣ ከቀጭን ካፕ (የጣሳው መርጫ አፍ) ጋር ይምረጡ። ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ይነቅንቁት። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ ጣሳውን ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ በሰያፍ ከተረጨ ቀለሙ በሉሁ ሥር ይገባል። መርጨቱ ከምስሉ ውጭ ጀምሮ ምስሉን አልፎ ይቁም፤ እጅ አይቁም። በመጀመሪያው ዙር ግድግዳው በከፊል መታየት አለበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ሁለተኛ፣ ካስፈለገም ሦስተኛ ስስ ዙር ይድገሙ። በአንድ ዙር ለመሸፈን የሚቸኩል ሰው ቀለሙ ይረጥብበትና ወደ ሉሁ ሥር ይሳባል፤ የፈሰሰ ጠርዝ ዋና ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሉሁን በአንድ ጎን ይዘው ቀጥ አድርገው ያንሱት፣ አይጎትቱት። ለሚቀጥለው ንብርብር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ በቅዝቃዜ ከዚያም በላይ። ከ10 ዲግሪ በታች ግፊቱ ስለሚወርድ ጣሳው ጠብታ መትፋት ይጀምራል። ያኔ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ያቆዩት፤ እሳት ወይም ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አያስጠጉት፣ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊፈነዳ ይችላል። ነፋስ ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል።

እንደ አሜሪካዊው የስቴንስል ሠዓሊ ሎጋን ሂክስ የግድግዳን ሙሉ ስፋት በባለ ብዙ ንብርብር ስቴንስል ለመሸፈን ካሰቡ ምስሉን በፍርግርግ ከፍለው በየክፍሉ ይቁረጡ፤ መጋጠሚያው ፊት ወይም ዓይን ላይ እንዳይውል፣ ጥቁር ጥላ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ።

ሲጨርሱ ጣሳውን ገልብጠው ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ይጫኑት፣ ካፑ እንዳይደፈን። ሉሆቹን ሳይጠቀልሉ ዘርግተው ያድርቁ፤ ከዚያ በየመካከላቸው ወረቀት አስገብተው ጠፍጣፋ ቦታ ያስቀምጡ፤ ሙጫው እርስ በርስ ካጣበቃቸው ሲላቀቁ መጀመሪያ የሚበጠሱት ድልድዮቹ ናቸው።