በኤርፖርት በኩል ወደ ውጭ ገበያ፦ ትናንሽ ነጋዴዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦሌ ኤርፖርት በ2011 ዓ.ም. በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆኖ ተስፋፍቷል። ቡና ለሚቆሉ፣ ማር ለሚያሽጉ፣ ቆዳ ለሚሰፉ ትናንሽ ነጋዴዎች ይህ ትልቅ በር ነው። ኤርፖርቱም ቢሆን የትም ከሚገኝ ቸኮሌትና ሽቶ ሌላ የአገር ዕቃ ቢደረድር ይጠቀማል። ግን ብዙ ሰው ዓይኑ ኤርፖርት ውስጥ በሚከፍተው ሱቅ ላይ ይቀራል። ዕቃው የሚፈተነው ከሱቁ ከወጣ በኋላ ነው።

የመንገደኛውን ቀሪ ጉዞ አለማሰብ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማር በፍተሻ ደንብ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ከዲዩቲ ፍሪ (ኤርፖርት ውስጥ ካለ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ) የተገዛ አንድ ኪሎ ማር በታሸገ ልዩ ከረጢት ይሄዳል። መንገደኛው በመንገድ አውሮፕላን ሲቀይር (ትራንዚት ላይ) ከረጢቱ ተከፍቶ ከተገኘ ግን ማሩ እዚያው ይቀራል። 100 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ብልቃጥ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። በርበሬና የተፈጨ ቡናም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል፤ ሊከለከልም ይችላል። ቅቤማ መንገደኛ ይዞት አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት አይፈቀድለትም። ለልጆቿ ብላ የገዛችውን ማር ፍተሻ ላይ ጥላ የሄደች እናት የእርስዎን ስም ደግማ አታነሳም። ስለዚህ ትንሿን እሽግ ያስቀድሙ።

ኪራዩን ብቻ አስልቶ መፈረም

በብዙ የዓለም ኤርፖርቶች የሱቅ ኪራይ ውሉ «ከዚህ አያንስም» የሚል ቋሚ ክፍያና ከሽያጩ የሚቆረጥ ድርሻ አለው። የሚከፈለው ከሁለቱ የበለጠው ነው። መንገደኛ ሲጠፋ ቋሚው ክፍያ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በረራ ሲያቋርጥ ይህ በየአገሩ ነጋዴውን አስጨንቋል። «መንገደኛ ቢቀንስስ?» ብለው ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ብቻን መግባት

በረራ ሌሊትም አለ፤ ሱቁ ሰው ይፈልጋል፣ ዕቃም ማለቅ የለበትም። አንድ ቡና የሚቆላ ነጋዴ ይህን ብቻውን አይችለውም። ከሸማኔና ከቆዳ ሠሪ ጋር አንድ ሱቅ ቢጋሩ ይሻላል።

ስምን ሳያስመዘግቡ መውጣት

እዚህ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ባሕር ማዶ ጥበቃ አያገኝም። አገራችን ራሷ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. አመልክታ፣ ከአሜሪካው የቡና ሱቆች ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ የተስማማችው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ሱቁን የመንገዱ መጨረሻ ማድረግ

ፍራንክፈርት የሚኖር መንገደኛ ቡናውን ወደደው እንበል። ሲያልቅበት ማንን ይጠይቅ? እሽጉ ላይ ስልክና ድረ ገጽ በሚያነበው ቋንቋ ይኑር። የላኪነት ወረቀቱም ጊዜ ይፈጃል። ለምሳሌ ለሽያጭ ወደ አሜሪካ የሚገባ ምግብ አምራቹ በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ጭነቱም ከመድረሱ በፊት ማሳወቅ ግድ ነው። ይህን ሱቁ ሳይከፈት ይጀምሩት። የመጀመሪያው የውጭ ትእዛዝ ሲመጣ ደንበኛው ወራት ቁጭ ብሎ አይጠብቅዎትም።