ጂፒኤሳችሁን ይዛችሁ ጦሳ ከመውጣታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ የምንጭና የእርከን ነጥብ ለመሰብሰብ የምትወጡ ልጆች፣ የእጅ ጂፒኤሱን እንደተረከባችሁ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ ዳተሙን (የቦታ ቁጥሮቹ የሚሰሉበትን መነሻ) እዩ። የድሮዎቹ የ1:50,000 የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው፤ ጎግል ኧርዝ ደግሞ የሚሠራው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ የዩቲኤም ቁጥሩ (ቦታውን በሜትር የሚገልጸው) ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ቦርከና ዳር ቆሜ የያዝኩት የምንጭ ነጥብ ካርታው ላይ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ አርፎ አግኝቼዋለሁ፤ የሁለት ቀን ልፋት እንደገና ተሠራ። የዩቲኤም ዞኑ ለሁለቱም ከተሞች 37 ሰሜን ነው። ዳተሙን ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ከቀኑ ጎን ጻፉት፣ እባካችሁ።

መሣሪያው ወራት መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ገላጣ ቦታ አውጥታችሁ 20 ደቂቃ ያህል ሳታንቀሳቅሱት ተዉት። የሳተላይቶቹን ሙሉ አልማናክ (የት የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ) መቀበል ብቻውን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ግሎናስ ወይም ጋሊሊዮ የሚል አማራጭ (እንደ ጂፒኤስ ያሉ ሌሎች የሳተላይት ሥርዓቶች) ካለውም አብሩት፤ ጦሳ ግርጌ ተራራው የሰማዩን ግማሽ ስለሚጋርደው ተጨማሪ ሳተላይት በጣም ያግዛል።

መሣሪያው የሚያሳየው ቀን 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ተመልሶ ካያችሁት ሶፍትዌሩ አርጅቷል። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ላይ ከዜሮ ስለጀመረ ያልታደሱ መሣሪያዎች ይሳሳታሉ። አምራቹ ማሻሻያ አውጥቶለት ከሆነ ነጥቦቻችሁን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና በአዲስ ባትሪ አፕዴት አድርጉት።